ለኮምፕረሰር ሞተሮች የሙቀት ሴንሰር እንዴት እንዳስገባሁ

የኮምፕረሰር ሞተር ተቃጥሎ ሲከፈት ሁሉም ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «ኦቨርሎዱ (ከረንት ሲበዛ ሞተሩን የሚያጠፋው መከላከያ) ለምን አላጠፋውም?» በምሠራበት ቦታም ይኸው ተጠየቀ። ኦቨርሎዱን ፈተሽነው፣ ደህና ነው። ልኩም በሞተሩ ሰሌዳ ላይ ባለው አምፒር ተሞልቷል። ጥቅልሉ (የሞተሩ የመዳብ ሽቦ) ግን አርሯል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኦቨርሎድ የሚያየው ከረንትን እንጂ ሙቀትን አይደለም። ከረንቱን አይቶ ሙቀቱን ይገምታል፣ ግምቱም የሚሰምረው ሞተሩ እንደ ልቡ አየር ሲያገኝ ነው። የማራገቢያው ሽፋን ከተደፈነ፣ የክፍሉ አየር ከጋለ፣ ሞተሩ ቶሎ ቶሎ እየተነሳ ከጠፋ፣ ወይም በኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት በሚቀያይረው መሣሪያ) ዝግ ብሎ እየዞረ በራሱ ዘንግ ላይ ያለው ማራገቢያ በቂ ካልነፋለት፣ ከረንቱ ልክ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይነድዳል። የእኛው ሞተር ክንፎቹ መሃል አቧራና ዘይት ተጋግሮ ስለነበር በካቻቢቴ እየፋቅን ነው ያነሳነው። ከረንቱን ብትለኩት ምንም አይታይባችሁም።

ስለዚህ ሞተሩ ለጥቅለላ ሲሄድ ሴንሰር አብሮ እንዲቀበርለት ጠየቅኩ። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። ሞተሩ ተከፍቷል፣ አዲስ ሽቦ እየገባ ነው፣ ቫርኒሽ ገና አልተነከረም። ሴንሰሮቹ ከጥቅለላው አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ወጪ የላቸውም።

የመረጥኩት ፒቲሲ የሚባለውን ነው። ቴርሞስታት ዓይነቱ፣ ማለትም ሲግል በራሱ የሚከፈተው ስዊች፣ ቀላልና ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከፒቲሲ ገዘፍ ስለሚል ሽቦው መሃል እንደ ልብ አይገባም። ፒቲ100 ደግሞ ሙቀቱን በቁጥር ያሳያል፣ ግን ማሳያና መቆጣጠሪያ ይፈልጋል። ፒቲሲ ትንሽ ፍሬ ነው። ከተሠራለት ሙቀት በታች ሬዚስታንሱ ዝቅ ያለ ነው፣ እዚያ ሲደርስ በድንገት ወደ ላይ ይተኮሳል። ሞተር ለማጥፋት የሚያስፈልገው ይኸው ነው። ለእያንዳንዱ ፌዝ አንድ አንድ፣ ሦስቱም በተከታታይ ታስረው በሁለት ሽቦ ይወጣሉ። አንዱ ፌዝ ብቻ ቢግል እንኳ ፓኔሉ ላይ ሴንሰሩን የሚከታተለው ሪሌይ ይቆርጣል።

የሙቀት ልኩን መምረጥ ላይ ትንሽ ክርክር ነበረብን። ኢንሱሌሽኑ (የሽቦው መከላከያ ሽፋን) ክላስ ኤፍ ነው፣ የሙቀት ጣሪያው 155 ዲግሪ። የ155ቱን አስገቡ ያለ ነበር። እኔ የ140ውን መረጥኩ። ሴንሰሩ የተቀመጠበት ቦታ የጥቅልሉ ከሁሉ የጋለ ነጥብ መሆኑን ማንም እርግጠኛ መሆን አይችልም፣ በዚያ ላይ በሙያው የቆየ መመሪያ አለ፤ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የኢንሱሌሽን ዕድሜ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ጣሪያውን እስኪነካ መጠበቅ ለእኔ አይዋጥልኝም። በጣም ዝቅ ያለ መምረጥም ልክ አይደለም፤ ያለ ምክንያት እያጠፋ ሰው ይሰለቸዋል፣ ከዚያ አንዱ ተነስቶ ሽቦውን ያገናኝና ጥበቃውን ያስቀረዋል።

አሁን ዋናው ነገር፣ አቀባበሩ። ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ነው ያየሁት፣ እናንተም ከቻላችሁ ቁሙ። ፍሬው ከስሎቱ (ሽቦው ከሚቀመጥበት የብረቱ ቦይ) በወጣው የጥቅልሉ ጫፍ ላይ፣ ከማራገቢያው በራቀው በኩል፣ ሽቦዎቹ መሃል በጣት ተከፍቶ ይገባል። ላዩ ላይ ተለጥፎ ከቀረ አየሩን ነው የሚለካው። ከገባ በኋላ ጥቅልሉ በማሰሪያ ክር ሲታሰር አብሮ ጥብቅ ይላል፣ ቫርኒሹም ገብቶ ክፍተቱን ይሞላዋል። ጥቅልሉን ቅርጽ ለማስያዝ በመዶሻ መምታት ካለ ሴንሰሩ ከመግባቱ በፊት ይለቅ። ፍሬው ከተሰነጠቀ ማውጣት አይቻልም። መውጫ ሽቦው ሙቀት በሚችል ሽፋን ውስጥ አልፎ ወደ ተርሚናል ሳጥኑ ይመጣል፣ ከሚሽከረከረው አካል ርቆ።

ከመቀበሩ በፊት እያንዳንዱን ፍሬ በሙቅ አየር እያጋልኩ በቴስተር አየሁት። ከቫርኒሹ በኋላም ደገምኩት። ሦስቱ በተከታታይ ሲቀዘቅዙ ከ750 ኦም በታች መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ አደራ፣ በሴንሰሩ ሁለት ጫፍ መካከል ሜገር (ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልት የሚፈትሽ መለኪያ) እንዳትሰጡት። በአንድ ፍሬ ላይ ከ2.5 ቮልት በላይ ሳይሰጥ ነው መለካት ያለበት፣ 500 ቮልት ከሰጣችሁት አለቀ። በሴንሰሩና በጥቅልሉ መካከል ያለውን ኢንሱሌሽን ለመፈተሽ ከፈለጋችሁ ሁለቱን የሴንሰር ሽቦ አንድ ላይ አስራችሁ ከጥቅልሉ ጋር ለኩ።

ፓኔሉ ላይ ያለው ሥራ አጭር ነው። የሴንሰሩ ሽቦ ወደ ቴርሚስተር ሪሌይ ይገባል፣ የሪሌዩ ኮንታክት ደግሞ ከኦቨርሎዱ ጋር በተከታታይ የኮንታክተሩን (የሞተሩን ኃይል የሚያገናኘውና የሚቆርጠው ስዊች) ኮይል ይይዛል። የሴንሰር ሽቦ ቢበጠስ ሪሌዩ እንደ ሙቀት ቆጥሮ ያጠፋል፣ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ሪሴቱን (ከቆረጠ በኋላ መመለሻውን) በእጅ አደረግኩት። በራሱ የሚመለስ ከሆነ ሞተሩ በረድ ሲል ሳይታሰብ ይነሳል፣ ያኔ ሽፋኑን ከፍቶ የሚመለከት ሰው ሊኖር ይችላል። ሙከራውም ቀላል ነው፤ አንዱን ሽቦ ነቅዬ መጥፋቱን አየሁ፣ ከዚያ የጋለ ሴንሰር ለማስመሰል በቦታው 4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገብቼ ደገምኩት።

ኢንቨርተር ያለው ኮምፕረሰር ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሪሌዩ ይቆርጣል። ምክንያቱ የሴንሰሩ ሽቦ ከኢንቨርተሩ የኃይል ኬብል ጋር በአንድ ቱቦ ማለፉ ነበር። ሽፋን ያለው ጥምዝ ኬብል አድርገን፣ ሽፋኑን በፓኔሉ በኩል ብቻ መሬት አስረን፣ በሌላ መንገድ ስናሳልፈው ቆመ።

ያልተከፈቱት ሞተሮችስ? ደህና የሚሠራ ሞተር ለሴንሰር ብዬ አልከፍትም። ለእነሱ አካላቸው ላይ፣ በክንፎቹ መሃል፣ ፒቲ100 አሰርኩ። ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከሥሩ፣ የማራገቢያው አየር እንዳያታልለው መሸፈኛ ከላዩ። ሦስት ሽቦ ያለውን ተጠቀሙ። ፒቲ100 በ0 ዲግሪ 100 ኦም፣ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም ነው፤ ስለዚህ በሁለት ሽቦ ከሆነ 1 ኦም የሽቦ ሬዚስታንስ ብቻውን ንባቡን 2.6 ዲግሪ ያህል ከፍ ያደርገዋል። የሞተሩን አካል ለክቶ ስለ ጥቅልሉ መፍረድ ግን በብርድ ልብስ ላይ እጅ አሳርፎ ትኩሳት እንደመገመት ነው። ልዩነቱን ለማወቅ የጥቅልሉን ሬዚስታንስ ሲቀዘቅዝ ለካሁ፣ ከዚያ በሙሉ ጭነት ሠርቶ ኃይሉ ተቆርጦና ተቆልፎ ወዲያው ደገምኩት። ለመዳብ ሒሳቡ እንዲህ ነው፤ የጋለውን ለቀዘቀዘው አካፍሉ፣ በ235 ሲደመር የመጀመሪያው ሙቀት አባዙት፣ 235 ቀንሱ። ለምሳሌ በ25 ዲግሪ 1.00 ኦም የነበረው 1.30 ከሆነ ጥቅልሉ 103 ዲግሪ ደርሷል። የአካሉ ሴንሰር ከእንዲህ ያለው ውጤት በብዙ ዝቅ ብሎ ነው ያነበበው። ለዚህ ነው የአካሉን ንባብ ለማስጠንቀቂያ ብቻ የተውኩት። ከጠፋ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ንባቡ ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ማራገቢያው ቆሟል፣ የውስጡ ሙቀት ደግሞ ወደ ውጭ እየመጣ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የኮምፕረሰሩ ማሳያ ላይ ያለውን ሙቀት የሞተሩ ነው ብሎ ነው። አይደለም። በስክሩ ኮምፕረሰር ላይ ያ ቁጥር የሚወጣው አየርና ዘይት ሙቀት ነው። እሱ ደህና ሆኖ ሞተሩ ሊነድ ይችላል።

ኦቨርሎዱንም ማንሳት የለም። ሮተሩ (የሚዞረው የሞተሩ ክፍል) መዞር አቅቶት ከተያዘ ሙቀቱ ጥቅልሉ ውስጥ በሰከንዶች ከፍ ስለሚል ሴንሰሩ ላይደርስበት ይችላል፣ ያኔ ቀድሞ የሚደርሰው ከረንቱን የሚያየው ነው። ሁለቱ ይደጋገፋሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይተካም።

ከዚያ ወዲህ ሪሌዩ ከረንቱ ልክ ሆኖ ሳለ ቆርጦ ያውቃል። የክፍሉ አየር ማስገቢያ ማጣሪያ ታፍኖ ነበር። ኦፕሬተሩ ሪሴት ሊጫን ሲል ነው የደረስኩት። አሁን ከቁልፉ አጠገብ ሳይጫኑ በፊት የሚታዩትን ጽፌ ለጥፌያለሁ፤ የማራገቢያው ሽፋን፣ የክፍሉ አየር፣ የሦስቱ ፌዝ ቮልቴጅ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው።

ለሚቀጥለው ጥቅለላ የማዘው ስድስት ፍሬ ነው፣ ለእያንዳንዱ ፌዝ ሁለት ሁለት። ሦስቱ ይሠራሉ፣ ሦስቱ መጠባበቂያ ሆነው ጫፋቸው ተርሚናል ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል። የሙቀት ልካቸውና ሲቀዘቅዙ የተለካው ኦም በሳጥኑ ክዳን ውስጥ ይጻፍ።