ከመስመሩ ውጭ የተቀመጠው ሰው
ሰሞኑን ምን እንደሆንሁ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ መናገር የሰለቸኝ፣ ዝምታም ያልሆነልኝ ሰሞን ነው። በዚሁ ስሜት ውስጥ ሆኜ የ2024ቱን የቲ20 (የአጭሩ ክሪኬት) የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ መጨረሻ፣ ህንድ ብሪጅታውን ላይ ደቡብ አፍሪካን በ7 ራን (ነጥብ) ከረታች በኋላ ያለውን፣ እንደገና አየሁት። ተጫዋቹ ኮህሊ ዋንጫውን ሲያቀብለው፣ ዕድሜውን ሙሉ በጨዋነቱ የምናውቀው የህንድ አሠልጣኝ፣ የቀድሞው ተጫዋች ድራቪድ በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ የአንገቱ ሥር እስኪገታተር ጮኸ።

የጮኸው ግን በውስጡ ያለው አሠልጣኙ ነው ወይስ የቀድሞው ተጫዋች?

ተጫዋቹ ለመጮህ በቂ ምክንያት ነበረው። በ1996 ለንደን፣ ሎርድስ ሜዳ ላይ የመጀመሪያ ቴስቱን (እስከ አምስት ቀን የሚዘልቀውን ረጅሙን ጨዋታ) ሲጫወት 95 ራን አስቆጥሮ፣ መቺ ሁሉ ለሚመኘው መቶ 5 ሲቀረው ወጣ፤ አብሮት የጀመረው ጋንጉሊ ደግሞ በዚያው ጨዋታ 131 አስቆጠረ። በ2001 ኮልካታ ላይ አውስትራሊያ በመጀመሪያው ዙር እጅግ ቀድማ ህንድን ወዲያው ተመልሳ እንድትመታ ባስገደደቻት ጊዜ፣ የለመደው ሦስተኛ የመምታት ተራ ለቡድን ጓደኛው ለላክስማን ተሰጥቶ እርሱ ወደ ስድስተኛ ወረደ። ሁለቱ አራተኛውን ቀን ሙሉ አንዳቸውም ከጨዋታ ሳይወጡ ውለው በጥምረት 376 ራን አከማቹ፣ ህንድም አሸነፈች፤ ሆኖም ያ ጨዋታ ሲነሣ ሰው በቅድሚያ የሚጠራው የላክስማንን 281 እንጂ የእርሱን 180 አይደለም። እኔ ግን ከሁሉም የምወድድለት በ2008 ሲድኒ ላይ 18 ራን ይዞ ለ40 ኳስ ያህል ምንም ሳያስቆጥር የቆየበትን ነው። በመጨረሻ አንዲት ራን ሲያገኝ ተመልካቹ እያፌዘ አጨበጨበለት፤ እርሱም መቶ እንዳስቆጠረ ሰው ባቱን፣ ማለትም መምቻውን፣ አንሥቶ እጅ ነሣ።

በቴስት ክሪኬት 31,258 ኳሶችን ተጋፍጧል፤ ከእርሱ በላይ የተጋፈጠ የለም። ነገር ሲከፋ የሚያውቀው መድኃኒት ገብቶ የሚቀጥለውን ኳስ መጠበቅ ነበር። እንዲህ ላለ ሰው አሠልጣኝነት ምን ዓይነት ቅጣት ይሆን? ከ2021 መጨረሻ ጀምሮ የህንድን ዋና ቡድን ሲመራ፣ በ2023ቱ የዓለም ዋንጫ (ከቲ20 በሚረዝመው፣ አንድ ቀን በሚፈጀው ጨዋታ) ህንድ 10 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፋ አህመዳባድ ላይ በፍጻሜው በአውስትራሊያ ስትሸነፍ፣ እርሱ የሚጋፈጠው አንድም ኳስ አልነበረም። ኮንትራቱም እዚያው አብቅቶ ነበር፤ ራሱ እንደተናገረው እንዲቆይ ያደረገው የካፒቴኑ የሮሂት የስልክ ጥሪ ነው።

ብዙዎች ብሪጅታውንን የ2007 ካሣ አድርገው ይተርኩታል፤ በዚያ ዓመት በዓለም ዋንጫ፣ እዚያው ካሪቢያን ውስጥ፣ የእርሱ ቡድን ከምድቡ ሳያልፍ ተሰናብቶ ነበርና። ይህ ትረካ አይጥመኝም። በ2007 ካፒቴን ነበር፣ ባትም በእጁ ነበር። በ2024 ግን ደቡብ አፍሪካ ለማሸነፍ በ30 ኳስ 30 ራን ብቻ ሲቀራት ከመስመሩ ውጭ ተቀምጦ ማየት ብቻ ነበር ድርሻው። በመጨረሻው ኦቨር (የስድስት ኳስ ዙር) የደቡብ አፍሪካው ሚለር አጉኖ የመታትን ኳስ የህንዱ ሱሪያኩማር ከሜዳው ዳር ገመድ አጠገብ ቀለባት፣ ሚዛኑን ሲስት ወደ ላይ ወረወራት፣ ወጥቶ ተመለሰና እንደገና ያዛት፤ ሚለርም ወጣ። ገመዱን በአየር ብታልፍ ግን ስድስት ራን ነበረች። እዚያች ጋ የአሠልጣኙ ሥራ የቱ ጋ ነው?

በሌላ ቦታ ሥራው ይታየኛል። በ2018 እርሱ ያሠለጠነው የህንድ ከ19 ዓመት በታች ቡድን የዓለም ዋንጫ ሲወስድ ለእርሱ 5 ሚሊዮን፣ ለረዳቶቹ ለእያንዳንዳቸው 2 ሚሊዮን ሩፒ ሽልማት ተመደበ፤ እኩል ይሁን ብሎ ጠየቀና ሁሉም በነፍስ ወከፍ 2.5 ሚሊዮን አገኙ። ይህ ዋንጫ ቢገኝም ባይገኝም የሚታይ ነገር ነው። ያቺ የሚለር ኳስ አንድ ክንድ ያህል አልፋ ብትሄድ ኖሮስ? የሠራው ሥራ ያው ነበር፤ እኛ ግን ዛሬ «ደግ ሰው ነበር፣ አሠልጣኝነቱ ግን አልሆነለትም» እንል ነበር። ባት ጨብጬ የማላውቀው እኔም፣ ከሁሉ ቀድሜ፣ በረጅም ዐረፍተ ነገር።