ዛንዚባር ከትንሽ ልጅ ጋር፦ እኔ የምሥራቁን ዳርቻ እመርጣለሁ

ዛንዚባር ከልጅ ጋር ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። የትኛው ዳርቻ ይሻላል? ኢንተርኔት ላይ የምታነቡት ምክር አብዛኛው ወደ ሰሜን፣ ወደ ኑንግዊና ኬንድዋ ይልካችኋል። እዚያ ባሕሩ ብዙም አይሸሽም፣ ቀኑን ሙሉ ይዋኛል። ጃምቢያኒና ፓጄ ያሉበት የምሥራቁ ዳርቻ ግን "ውሃው ይጠፋል" እየተባለ ይታማል። እውነት ነው፣ ይጠፋል። እኔ ደግሞ አራት ዓመት ላልሞላው ልጄ ከዚያ የተሻለ ባሕር አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጃምቢያኒ ላይ ሲጎድል እስከ ሩቁ የኮራል ድንጋይ ድረስ ይሸሻል፤ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ በእግር የሚኬድበት ሜዳ ይሆናል። መሬቱ ነጭ አሸዋ ነው፤ መሃል መሃሉ ላይ ኩሬዎች ይቀራሉ። የኩሬዎቹ ውሃ ከልጅ ቁርጭምጭሚት ቢበዛ እስከ ጉልበት ነው። ፀሐይ ስላገኘው ለብ ይላል። ሞገድ የሚባል የለም፤ ሞገዱ የሚሰበረው እዚያ ማዶ ኮራሉ ላይ ነው፣ ድምፁ ብቻ ይሰማል።

የደረስን ዕለት ባሕሩ ሞልቶ ነበር። ልጄ ድምፁን ሲሰማ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። "ይበላኛል" አለኝ። አላስገደድነውም። በማግስቱ ጠዋት በረንዳ ላይ ወጥቶ ባሕሩን ሲያጣው ዞር ብሎ አየኝና "ማን ጠጣው?" አለ። ከዚያ አባቱን በጣቱ እየጎተተ ይዞት ወረደ።

ያን ጠዋት አንዲት ሸርጣን ፊት ምን ያህል ጊዜ እንደቆየን አላውቅም። ቀንድ አውጣ ትቶት የሄደ ዛጎል ተከራይታ የምትኖር፣ ከአውራ ጣት ጥፍር የማትበልጥ ሸርጣን ናት። ልጄ ሆዱ ላይ ተኝቶ አገጩን አሸዋው ላይ አደረገ። ዛጎሉ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ መጀመሪያ ሁለት ቀጫጭን ዓይኖች ወጡ፤ ቀጥሎ አንድ ቀላ ያለ እግር፤ ሌላም። ልጄ ትንፋሹን ሲለቅ ሁሉም ተመልሰው ገቡ። ሲብስበት አፉን በእጁ ይዞ ጠበቀ። ቤት ውስጥ አንድ ቦታ ሁለት ደቂቃ የማይቀመጥ ልጅ ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ዓይኔ እንባ ሞላ፤ አባቱም አይቶኝ ዝም አለ።

ትንሽ ራቅ ብሎ ሴቶች እየሠሩ ነበር። የባሕር አረም ያመርታሉ። ይህ ሥራ ዛንዚባር ላይ የተስፋፋው ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ነው፤ አብዛኞቹ አምራቾች ሴቶች ናቸው። አሸዋው ላይ አጫጭር እንጨቶች ይተክላሉ፣ በእንጨቶቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፣ ገመዱ ላይ የአረሙን ቁራጭ በትንንሽ ክር ያስራሉ። ባሕሩ ይመጣል፣ ያበቅለዋል። ሲደርስ ተለቅሞ፣ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል። ከሱ የሚወጣው ማወፈሪያ የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ሰላምታ ሰጥተን ስንጠጋ አንዲት እናት ለልጄ ክር ሰጠችው። ጣቱን ይዛ አንድ ቁራጭ አሳሰረችው። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ "የኔ አትክልት" እያለ ያን ገመድ ይፈልጋል። የባሕሩ ውሃ እየሞቀ በመሄዱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው የአረም ዓይነት ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ እየሞተባቸው ነው። ያ ሜዳ ለኛ መጫወቻ ቢሆንም ለነሱ እርሻቸው ነው። ስለዚህ ገመዱን አትርገጡ፣ ልጃችሁም እንዳይጎትተው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ ጠይቁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ጉዞውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም እሱ ነው። ባሕሩ የሚሞላበትና የሚጎድልበት ሰዓት በየቀኑ በሃምሳ ደቂቃ ገደማ ይገፋል። ዛሬ ጠዋት ያገኛችሁት ሜዳ ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ውሃ ይሆናል። መጠኑ ደግሞ በጨረቃ ይወሰናል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ ባሕሩ አብዝቶ ይሞላል፣ አብዝቶም ይሸሻል። እኛ የሄድነው መስከረም ላይ፣ ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሳምንት ነው። ያኔ ውሃው በጣም የሚጎድለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። ለልጅ ከዚህ የተመቸ ሰዓት የለም፤ ቁርሱን በልቷል፣ ፀሐይዋ ገና አልከረረችም። ከሰዓት በኋላ ወደ 10 ሰዓት ሲሆን ባሕሩ ሞልቶ ደጃፍ ይደርሳል፤ መዋኘት የፈለገ ትልቅ ሰው ያን ጊዜ ይዋኛል። ብዙ ማረፊያዎች የሰዓቱን ሠንጠረዥ እንግዳ መቀበያው ላይ ይለጥፋሉ፤ ስትደርሱ ፎቶ አንሱት።

ሰዓት ካነሳሁ አይቀር፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ከንጋት ነው የሚቆጥሩት። ሹፌሩ በስዋሂሊ 4 ሰዓት ካላችሁ የኛው 4 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነግራችሁ ግን በፈረንጅ ይሆናል። እኔ ሁሌም "ጠዋት ነው ወይስ ማታ?" ብዬ አረጋግጥ ነበር።

ሜዳው ላይ ያለ ጫማ ማንም እንዳይወጣ። ኮራሉ ይቆርጣል። ድንጋዮቹ ሥር ደግሞ የባሕር ጃርት አለ፤ ጥቁርና እሾሃማ ነው፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። ለልጃችሁ ተረከዙ የሚያዝ የውሃ ጫማ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ኮከብ ዓሣ ብታገኙ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ እዩት፤ ለፎቶ ብሎ ማውጣት ይጎዳዋል። መመለሻን በተመለከተ እኛ ጥብቅ ነበርን። የምንወጣው ውሃው ገና እየሸሸ ሳለ ነው፤ መመለስ ሲጀምር ፊታችንን ወደ ዳርቻው እናዞራለን። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚሞሉት ዝቅ ያሉት ቦታዎች ናቸው፤ ከፊት ደረቅ መስሎ ከኋላችሁ ሊከባችሁ ይችላል። ልጅ አለቀሰ ተብሎ አምስት ደቂቃ አይጨመርም።

ፀሐይዋን አትናቋት። ዛንዚባር ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ነፋሱ ደግሞ ሙቀቱን ይደብቀዋል። እጅጌ ረጅም የዋና ልብስና አንገት የሚሸፍን ኮፍያ ከሰንስክሪኑ የበለጠ ጠቅሞናል። ከ5 እስከ 9 ሰዓት ጥላ ሥር ነን፤ እሱ ይተኛል፣ እኔም እተኛለሁ። አጎበር ያለው ክፍል ያዙ። ወባ ደሴቱ ላይ በጣም ቢቀንስም አልጠፋም፤ ከጉዞው በፊት የልጁን ሐኪም አማክሩ። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል። ከጥቅምት 2024 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ደግሞ የደሴቱን የግዴታ የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት አለ፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው።

ስለ ምግብ ብዙ አትጨነቁ። ልጄ የኖረው በቻፓቲ (ስስ ቂጣ)፣ በማንዳዚ (በዘይት የተጠበሰ ሊጥ) እና በማንጎ ነው፤ ዓሣም ለመደ።

አሮጌው ከተማ ስቶን ታውን ቆንጆ ነው፤ ለሦስት ዓመት ልጅ ግን ግማሽ ቀን ይበቃዋል። መንገዶቹ ጠባብና ወበቃማ ናቸው፣ የልጅ ጋሪ አይመችም፣ ማዘል ይሻላል። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ ከተማ ስትገቡ ትከሻና ጉልበት ሸፈን አድርጉ። ለልጅ ዋናው ነገር ከከተማው በጀልባ የሚደረስባት የቻንጉ ደሴት ናት። በ1893 (እ.ኤ.አ.) እስር ቤት እንዲሆን ግንብ ተሠራባት፤ እስረኛ ግን አልገባበትም፣ የበሽተኞች ማቆያ ሆነ። አሁን የምትታወቀው በግዙፍ ኤሊዎቿ ነው። በ1919 (እ.ኤ.አ.) ከሲሸልስ በስጦታ ከመጡ አራት ኤሊዎች ነው የጀመሩት። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ። ልጄ ቅጠል ሲያቀብል ኤሊው አንገቱን ቀስ እያለ አረዘመ፣ አረዘመ... ልጄ ቅጠሉን ጥሎ እኔ ጋ ሮጠ፣ ተመልሶም ሄደ። መጀመሪያ ያናገረን ባለጀልባ የልጅ ላይፍ ጃኬት አልነበረውም፤ "ቅርብ ነው፣ እቅፍ አድርጊው" አለኝ። ትተነው ሌላ ፈለግን። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት በልጃችሁ ልክ የሆነውን ጃኬት አሳዩኝ በሉ፣ አልብሳችሁም እዩት።

አንድ ቀን ካላችሁ ወደ ጆዛኒ ጫካ ጎራ በሉ። ዛንዚባር ላይ ብቻ የሚኖረው ቀይ ጉሬዛ እዚያ አለ፤ ከሰው ብዙም አይሸሽም። ከሰል የሚበላ ዝንጀሮ መሰል እንስሳ አለ ስለው ልጄ አላመነኝም። እውነት ነው። ከሰሉ የሚበሉት ቅጠል ውስጥ ያለውን መርዝ ያበርድላቸዋል።

ወራቱን በተመለከተ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናብ ስለሆነ ተዉት። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅ ነው፣ የምሥራቁ ዳርቻ ግን ነፋስ ይበዛበታል። አባቱ ለቀጣዩ ጉዞ የጥርን ሙሉ ጨረቃ ከወዲሁ ካላንደር ላይ ምልክት አድርጎባታል። እኔ ጥር ለልጁ ይሞቀዋል፣ መስከረም ይሁን እላለሁ። ገና አልተስማማንም።