ተማንጉንግ ቤት አለኝ፤ መሬቱ ግን የእኔ አይደለም

ደሴ ያለው ወንድሜ በደወለ ቁጥር አንድ ጥያቄ አለችው። «እዛ መሬት ስንት ነው?» እነግረዋለሁ። ወደ ብር ይመነዝረዋል። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ «አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? አምስት ስድስት ቦታ አትይዝም?» ይለኛል።

በስልክ ላስረዳው ሦስት ዓመት ሞክሬያለሁ። አልሆነም። እስቲ በጽሑፍ ልሞክረው።

የምኖረው ኢንዶኔዥያ ነው፣ መካከለኛው ጃቫ፣ ተማንጉንግ የሚባል አውራጃ ውስጥ። መንደራችን ሱምቢንግ ተራራ ሥር ናት። ተራራው 3,371 ሜትር ይረዝማል፤ ፊት ለፊቱ ሲንዶሮ ቆሟል። ሁለቱም እሳተ ገሞራ ናቸው። ኢንዶኔዥያ ሲባል ባሕርና ሙቀት ብቻ የሚመስለው ሰው ሐምሌ ላይ ይምጣና ማታ ጋቢ ይጠይቀኝ።

እዚህ ያመጣችኝ ባለቤቴ ናት። ዶሃ አንድ ሆቴል ውስጥ አብረን ሠርተናል፤ እኔ ዕቃ ክፍል፣ እሷ ላውንደሪ። በ2017 እዚሁ መንደር ኒካህ አሰርን፣ በ2018 ጠቅልለን ገባን። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠቅሰው። የመንደሩ ኢማም አገሬን ሲሰሙ «ሀበሻ! የነጃሺ አገር!» ብለው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። ኢሚግሬሽን ግን ነጃሺን አያውቅም። እሱ ጋ የሚስት ዋስትና፣ በየዓመቱ የሚታደስ ወረቀትና ብዙ ፎቶ ኮፒ ነበር።

መጀመሪያ አማቶቼ ጋ ገባን። እኔ ቶሎ የራሴ ቤት እንዲኖረኝ ቸኮልኩ። አማቴ «ቆይ እንጂ ልጄ» ቢሉኝም የዶሃ ብር ኪሴን ይኮረኩረው ነበር። አንድ ጎረቤት መንገድ ዳር 600 ካሬ እንደሚሸጥ ስሰማ 10 ሚሊዮን ሩፒያ ቀብድ ሰጠሁ። ያኔ ወደ 700 ዶላር ነው። የ6,000 ሩፒያ ቴምብር የተለጠፈበት ደረሰኝ ላይ ተፈራረምን፣ ሻይ ጠጣን፣ ባለ መሬት ሆንኩ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

መሬቱ ሰርቲፊካት አልነበረውም። የነበረው «ሌተር ሴ» የሚሉት የመንደር መዝገብ ላይ የሰፈረ የአያትየው ስም ነው። ይህ መዝገብ የድሮ የመሬት ግብር መዝገብ ነው። ማን ይገብር እንደነበር ያሳያል እንጂ የባለቤትነት ሰርቲፊካት አይደለም። አያትየው ከሞቱ ቆይተዋል። ወራሾቹ ሰባት ናቸው። አራቱ መንደር ውስጥ አሉ። አንዱ ጃካርታ ነው። አንዷ ሱማትራ፣ ላምፑንግ ናት፤ ከጃቫ ብዙ ሰው ተወስዶ የሰፈረበት አገር ነው። ሰባተኛው ማሌዥያ የዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ ይሠራል። ስድስቱ ፈረሙ። የማሌዥያው በስልክ «የአያቴን መሬት ለማን ነው የምትሸጡት?» አለ። በዚያው አለቀ።

ቀብዴ ተመለሰልኝ፤ በ14 ወር። ገሚሱ በጥሬ ብር፣ ገሚሱ በሁለት ፍየል። አንዷ ፍየል ወልዳልኛለች፤ ስለዚህ ከሰርኩ ማለት አልችልም። ግን ከዚያ ወዲህ ስለ መሬት ሲወራ ዋጋውን አልጠይቅም። የምጠይቀው ስንት ሰው እንደሚፈርም ነው።

ሕጉ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወንድሜ የማይገባው እዚህ ጋ ነው። እኛ መሬት ከማይሸጥበት አገር ስለመጣን «እዛ ይሸጣል» ሲባል ለማንም የሚሸጥ ይመስለናል። በ1960 የወጣው የመሬት ሕግ «ሀክ ሚሊክ» የሚለውን ሙሉ ባለቤትነት ለግለሰብ የሚሰጠው የኢንዶኔዥያ ዜጋ ከሆነ ብቻ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ዜጋ «ሀክ ፓካይ» ሊያገኝ ይችላል። የመጠቀም መብት ነው፤ 30 ዓመት፣ ቢራዘም 20፣ ቢታደስ ሌላ 30። አለበለዚያ መከራየት ነው።

ሦስተኛ መንገድ የሚነግራችሁ ደላላ ነው። አንዱ ከተማ ላይ አግኝቶኝ «በዜጋ ስም እንገዛዋለን፣ አንተ በጎን ውል ትይዛለህ» አለኝ። ሱፍ ለብሷል፣ ቢሮው ኤሲ አለው። ሕጉ ግን እንዲህ ዓይነቱን ሽያጭ ከመጀመሪያው ፈራሽ ነው ይላል። መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም ብር አይመለስም። በሰው ስም ቪላ ይዞ በሰላም የሚያድር ፈረንጅ ሞልቷል። እኔ ግን 700 ዶላር ለማስመለስ 14 ወር ፍየል የጠበቅኩ ሰው ነኝ።

ያስደነገጠን ሌላው ነገር ነው። ባለቤቴም መግዛት አትችልም ተባለች! በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የጋራ ነው። የጋራ ከሆነ ግማሹ የእኔ ነው። የእኔ ከሆነ ደግሞ የውጭ ዜጋ መሬት ያዘ ማለት ነው። መፍትሔው የንብረት መለያያ ውል ነው። ድሮ ከጋብቻ በፊት ካልተፈረመ አይቻልም ነበር። በ2016 ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤቱ በትዳር ውስጥም መፈረም ይቻላል ብሎ ወሰነ። እኛም በ2019 ኖታሪስ፣ ማለትም ውል አጽዳቂ ጋ ሄደን ፈረምን፣ ጋብቻችን የተመዘገበበት ቢሮም አስመዘገብነው።

ውሉ በቋንቋቸው «ፒሳ ሃርታ» ይባላል። ሃርታ ንብረት ነው። «ፒሳ» መለየት ነው፤ ባልና ሚስት ሲለያዩም ይሄው ቃል ነው። የባለቤቴ እናት ከበር ላይ «ፒሳ» የሚለውን ብቻ ሰምተው ሄዱ። ማታ ሩዝና ዶሮ ሠርተው፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ሊያስታርቁን መጡ። ዶሮውን በላን። ለማስረዳት ግን እኩለ ሌሊት ሆነ።

መሬቱን ያገኘነው በ2021 ከባለቤቴ አጎት ነው። መንግሥት ከ2017 ጀምሮ መንደር በመንደር እየዞረ በዘመቻ መሬት ይመዘግባል። ለእኛ መንደር ተራው ደርሶ አጎትየው በ150,000 ሩፒያ መዋጮ ሰርቲፊካታቸውን ይዘው ነበር። አንድ ስም፣ አንድ ፊርማ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ዋጋ መነጋገሩ ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። አጎትየውን ቤት ጠርቼ ቡና አፈላሁ። እዚህ «ኮፒ ቱብሩክ» ነው የሚጠጡት፤ የተፈጨ ቡና ብርጭቆ ውስጥ ጨምረው የፈላ ውኃ ያፈሱበታል፣ ስኳሩ ለጉድ ነው። የእኔ ጀበና እንደ ቲያትር ነው የሚታየው። አቦሉን ጠጥተው «ስንት ልክፈል?» ስላቸው «ተርሰራህ» አሉኝ። እንደፈለግህ ማለት ነው። እኔ ሞኙ የፈለግኩትን ተናገርኩ። ፈገግ አሉ፣ ስለ ትንባሆ አወሩ፣ በረካው ሳይደርስ ሄዱ። ሁለት ሳምንት ጠፉ። ትክክለኛውን ቁጥር ሚስታቸው ለአማቴ ነገረች፣ አማቴ ለባለቤቴ፣ ባለቤቴ ለእኔ። ሰምና ወርቅ የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

480 ካሬ በ72 ሚሊዮን ሩፒያ ተስማማን፤ ወደ 5,000 ዶላር ነው። ገዢ ከ60 ሚሊዮን በላይ ባለው ላይ 5 በመቶ ይከፍል ነበር፤ 600,000 መጣብን። ሻጭ ደግሞ 2.5 በመቶ አለበት። አጎትየው «ለእኔ ንጹሕ 72» ስላሉ የሳቸውን 1.8 ሚሊዮንም እኛ ቻልነው። መንደር ውስጥ እንዲህ ማለት የተለመደ ነው፤ ከፍላችሁ ከመደነቅ ቀድማችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር በአጋጣሚ አዳነን። ቦታው በወረቀት «ፔካራንጋን» ነው፤ የቤት ግቢ ማለት ነው። የመስኖ ሩዝ ማሳ ቢሆን ኖሮ ቤት መሥራት የማይታሰብ ይሆን ነበር። በ2009 የወጣ ሕግ ለእርሻ የተከለለ መሬት እንዳይነካ ይጠብቃል። በኋላ ትንሽ የቡና ማሳ ስንገዛ ደግሞ ሌላ መጣ። የእርሻ መሬት የሚገዛ ሰው እዚያው ወረዳ መኖር አለበት። የባለቤቴ መታወቂያ ገና የሰማራንግ ከተማ ነበር። እሱን ለማዛወር ሁለት ወር ቆመን።

ያልዳንኩበት ውኃ ነው። ቦታውን ያየሁት ጥር ላይ ነው። ዝናብ ነው፣ ምንጩ ይፈሳል፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ነሐሴ ላይ ቧንቧው እንደ ክር ቀጠነ። እኛ የመስመሩ መጨረሻ ላይ ነን፤ ከላይ ያሉት ትንባሆ ያጠጣሉ። አሁን ሁለት ትልቅ ጋን የሚያህል ታንከር አለን። መሬት በበጋ ታይቶ ነው የሚገዛ። እዚህ በጋ ማለት የእኛ ክረምት ወራት መሆኑን አትርሱ።

ቤቱን በ2022 ሠራን፤ 8 በ9፣ ጡብ፣ የሸክላ ጣሪያ። መሠረት የሚቆፈርበትን ቀን አንድ ሽማግሌ ቆጥረው ሰጡን። ጃቫዎች ከሰባቱ ቀን ሌላ የአምስት ቀን ሳምንት አላቸው፤ ሁለቱን አጣምረው ነው የሚያሰሉት። ግንበኛው በቀን 110,000 ሩፒያ ይወስድ ነበር። መሠረቱን ለመጣልና ጣሪያውን ለማንሳት ግን አልከፈልንም። «ሳምባታን» ነው፤ ደቦ በሉት። ከአርባ ሰው በላይ መጣ። ሴቶቹ ከንጋት ጀምሮ ጓዳ ገቡ፣ ወንዶቹ ድንጋይ ቅብብል ያዙ። እኔ ድንጋይ ላነሳ ስል አንዱ ቀምቶኝ «ማስ፣ አንተ ቡና አፍላ» አለኝ፤ ማስ ወንድሜ እንደ ማለት ነው። አፈላሁ። «ጎመዘዘን» አሉ። ስኳር ጨመሩበት።

ይሄ ነጻ ጉልበት እንዳይመስላችሁ። ተቆጥሯል። ሌላው ሲሠራ እሄዳለሁ፣ ሰው ሲሞት እቆፍራለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ የሌሊት ሮንዳ ተራዬ ነው። ከአራት ጎረቤት ጋር እንዞራለን፤ በየቤቱ በር ላይ ከተሰቀለችው ቆርቆሮ 500 ሩፒያዋን እንለቅማለን፣ ለመንደሩ ካዝና። ድሮ አንድ ጭብጥ ሩዝ ነበር አሉ። «አሪሳን» የሚሉት ደግሞ ዕቁብ ነው፣ ቁርጥ ዕቁብ። ሠርግ ያለበት ወር ሲመጣ ጣጣ ነው። አንድ ወር 11 ጥሪ ደርሶን በየፖስታው ከ50,000 እስከ 100,000 ከተናል። ማን ስንት እንደሰጠ በደብተር ይያዛል፤ ሲመለስም በልኩ ነው። የመንደር ኑሮ ርካሽ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ደብተር አላዩትም።

አሁን ወደ ወንድሜ «አምስት ስድስት ቦታ» ልመለስ። እዚህ መሬት መግዛት ይቻላል። መሸጥ ነው ችግሩ። ወጣቱ ሰማራንግና ጃካርታ ፋብሪካ ይገባል። መንደር ውስጥ ቤት የሚከራይ ሰው የለም፤ ሁሉም የእናቱ ቤት አለው። ከእኛ ሦስተኛው ቤት «ይሸጣል» የሚል ታፔላ ከተሰቀለበት ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ ጽሑፉ ደብዝዟል፣ በረንዳው ላይ ዶሮ ይጭርበታል። መሬት የሚንቀሳቀሰው ትንባሆ ጥሩ ዋጋ ባወጣ ዓመት ነው። ነሐሴና መስከረም ላይ መንደሩ በሙሉ ሌሊት ትንባሆ ሲከትፍ ያድራል። ዋጋውን የሚወስኑት የሲጋራ ፋብሪካ ገዢዎች ናቸው። ካልተሳካ ሞተር ሳይክሉ ይሸጣል፣ ቀጥሎ ማሳው።

ቱሪስትስ? አንድ ክፍል አዘጋጅቼ በዓመት ሁለት እንግዳ አገኘሁ፤ አንዱ የባለቤቴ ወንድም ጓደኛ ስለነበር አልከፈለም። ያም ሆኖ የተሳካለት መንደር አለ። እዚሁ ተማንጉንግ፣ ንጋዲፕሮኖ ውስጥ ቀርከሃ ጫካ ሥር «ፓሳር ፓፕሪንጋን» የሚባል ገበያ አላቸው። በ35 ቀን ሁለቴ፣ እሑድ ይቆማል። ብራችሁን በቀርከሃ ሳንቲም ትለውጡና ምግብ ትገዛላችሁ። ሰው ከሩቅ ይመጣል። አንድ ሜትር መሬት ሳይሸጡ ነው ይህን ያመጡት። እኔ ቡናዬን ቆልቼ የምሸጥበት ከተማ ሄጄ ነው፤ ወር ያደርሰናል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ከሰማራንግ በመኪና መጣ። የተራራ እይታ ያለው ቦታ ይፈልጋል። አማቴ በር ላይ ሩዝ ያበጥሩ ነበር። ቀና ሳይሉ «ኦራ ዲዶል» አሉት። አይሸጥም ማለት ነው። ልጄ አጠገባቸው ነበረች። ቃሉን ወደደችው። ሦስት ቀን ለድመቷም ለእኔም ስትለው ሰነበተች።

እሷ የተወለደችው በ2019 ነው። እስከ 18 ዓመቷ የሁለታችንም ዜጋ ሆና መቆየት ትችላለች በኢንዶኔዥያ ሕግ፤ እስከ 21 ትመርጣለች። ኢትዮጵያ ደግሞ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። የእናቷን ከመረጠች መሬቱን ትወርሳለች። የእኔን ከመረጠች፣ ወይም እናትየው ቀድማኝ ብትሄድ ለእኔም ቢሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዜጋ ማስተላለፍ ነው። ይህን ለወንድሜ ስነግረው «ገና ሕፃን ናት፣ ተው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ገና ነው።

ትናንት ሲደውል ስልኩን ሰጠኋት። እየሳቀ «እዛ መሬት ስንት ነው በያት» አለኝ። ተረጎምኩላት።

«ኦራ ዲዶል» አለችው።