ጣሊያን ሠራሹ ጆተኒ

ጥቅምት ገባ። ክረምቱ ሲወጣ የጋሼ ጆተኒ ሁሌም ትንሽ ያኮርፋል። እንጨቱ ሐምሌና ነሐሴ የጠጣውን እርጥበት አሁን ሲተፋው ብሎኖቹ ይላላሉ፣ መገጣጠሚያው ይንጣጣል። ስለዚህ በዚህ ሰሞን ማታ ማታ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ ሻይ ቤቱ ነኝ።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ናቸው። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት አላቸው። ጆተኒውን የገዙት አዲስ አበባ ውስጥ ሊዘጋ ከነበረ አንድ ቡና ቤት ነው፤ ያኔ እኔ አልተወለድኩም። የሳንቲም ማስገቢያው ላይ አሁንም «100 ሊሬ» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። የጣሊያኑ ገንዘብ ሊሬ እ.ኤ.አ. በ2002 ቦታውን ለዩሮ ለቆ ከገበያ ወጥቷል። ጠረጴዛው ግን ይኸው ይሠራል። ሳንቲም መብላቱን ብቻ ትቷል፤ ኳሱ በእጅ ተስቦ ይወርዳል፣ ሂሳቡን የሻይ ቤቱ አሳላፊ ይይዛል።

እኔ ቀን ቀን ብየዳ ቤት ነው የምሠራው። በርና መስኮት፣ የታንከር ማቆሚያ፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ጆተኒ። እንግዲህ ስለዚህ ጠረጴዛ የማወራው በትንሽ ቅናት መሆኑ ይታወቅልኝ። የእኛ ጆተኒ የሚናቅ አይደለም። መንገድ ዳር ፀሐይና ዝናብ እየተፈራረቀበት፣ ልጅ ሁሉ እየደበደበው ይኖራል። ግን የእኛን በይጄ የጣሊያኑን ስፈታ እጄ ራሱ ልዩነቱን ያውቀዋል።

ዘንጉን ብቻ ላንሳ። ስምንት ዘንግ፣ ሃያ ሁለት ተጫዋች፤ በየቡድኑ በረኛ 1፣ ተከላካይ 2፣ አማካይ 5፣ አጥቂ 3። እስከዚህ ድረስ አንድ ነን። እኛ የምናስገባው ድፍን ብረት ነው፣ ገበያ ላይ የተገኘውን። ድፍን ብረት ከባድ ነው። ወደ ጎን ስትገፋው ለመነሣት ይለግማል፣ ከተነሣ ደግሞ አልቆምም ይላል። የጣሊያኑ ውስጡ ባዶ ቱቦ ነው፤ በሁለት ጣት ይታዘዛል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ሌላ ነው። ተራ ጆተኒ ላይ ዘንጉን ስትገፋ ጫፉ በወዲያኛው በኩል ብቅ ይላል። ማዶ ቆሞ የሚያይ ሕፃን ካለ ሆዱን ይወጋዋል፤ ቁመቱ አጠር ካለ ደግሞ ፊቱን። የጋሼ ጆተኒ ላይ ይህ የለም። በቱቦው ውስጥ ሌላ ቀጭን ዘንግ አለ፣ እሱም በማዶው ግድግዳ ተይዟል። ስትገፋ ወፍራሙ ቀጭኑን ይውጠዋል፣ ስትስብ መልሶ ይተፋዋል። ወደ ውጭ የሚወጣ ነገር የለም። መጀመሪያ ፈትቼ ያየሁት ቀን ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሳስገባና ሳስወጣው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ይህ ብልሃት የሚያስፈልገው የእኛ ጆተኒ ነበር። በሕፃን የሚከበበው የእኛ ነዋ! ለአለቃዬ ሳወራለት «እሺ፣ ልክ በልኩ የሚገባ ቱቦ ከየት ታመጣለህ?» አለኝ። ልክ ነው። እዚህ የምናገኘው ቱቦ ወይ አልገባም ይላል ወይ ይንቀጫቀጫል።

አሁን ወደ ጥገናው። ዘንጉ ግድግዳውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ነጭ የናይለን ቀለበት አለ። ዘንጉ በክሮም የተለበጠ ብረት ነው፣ ቀለበቱ ለስላሳ። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ይፋተጋሉ። የሚበላው ግን ሁልጊዜ ቀለበቱ ነው። እሱ ደግሞ በብሎን ብቻ ስለተያዘ ፈትቶ መቀየር ሻይ የማፍላት ያህል ጊዜ አይፈጅም። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ ይህ ጠረጴዛ ሲያረጅ ምኑ ይለቅ ብሎ አስቧል። ርካሹ ይለቅ፣ ውዱ ይትረፍ፣ የሚያልቀውም በቀላሉ የሚፈታው ይሁን ብሎ ወስኗል። የእኛ ላይ ብረቱ በላሜራው ቀዳዳ በቀጥታ ያልፋል። እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ቀዳዳው ሞላላ ይሆናል፣ ከዚያ መበየድና እንደገና መብሳት ነው። እኛ ስንሠራ የምናስበው ስለሚሸጥበት ቀን ነው። የጣሊያኑ ሰውዬ ግን ስለ እኔ አስቦ ነበር፣ ካቻቢቴ ይዞ ስለሚመጣው ሰው።

ቀለበቱን ባሕር ዳር ያለ ቶርኖ ቤት ከናይለን ድፍን ይቆርጥልኛል። አሮጌውን ናሙና እልክለታለሁ፣ ግን ልኩን የሚወስደው ካልተበላው ጎን እንዲሆን ደጋግሜ እነግረዋለሁ። ከተበላው ጎን ከለካ አዲሱም አሮጌ ሆኖ ይመጣል።

ሌላው ጣጣ ቅባት ነው። ሻይ ቤቱ ውስጥ ምክር በነፃ ነው። ሾፌሩም ረዳቱም «ግራሶ ቀባው» ይለኛል። ለጎማ ኩሽኔታ ይሆናል፣ ለዚህ አይሆንም። መናኸሪያው በበጋ አቧራ ነው። አቧራና ግራሶ ሲገናኙ ብርጭቆ ወረቀት ማለት ናቸው፤ ቀለበቱን ላጥ ላጥ አድርገው ይጨርሱታል። እኔ መጀመሪያ ዘንጉን በደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። ከዚያ ጠብታ ሲሊኮን፣ ከዚያ ደግሞ እሱንም መልሼ እጠርገዋለሁ። እጅ ላይ ቅባት ከቀረ በዝቷል ማለት ነው።

ሜዳው መስታወት ነው፣ አረንጓዴው ከስር። ሻይ ቢፈስበት በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል። የእኛ ኮምፔንሳቶ አንድ ክረምት ካለፈበት መሐሉ ያብጥና ኳሱ ዳገት ይወጣል። መስታወቱ እንደዚህ ልሙጥ ስለሆነ ደግሞ ጠረጴዛው ትንሽ ቢያዘነብል ወዲያው ያስታውቃል። በውሃ ልክ እያየሁ እግሮቹን አስተካክላለሁ፤ እያንዳንዱ እግር ከታች በብሎን ከፍና ዝቅ ይላል። አንደኛው የጎን ጣውላ ተሰንጥቆ ስለነበር በዋንዛ ተክቼዋለሁ። ባሕር ዛፍ አልሞከርኩም፤ ዛሬ ቀጥ ብሎ ቢታይህ ነገ ይጣመማል።

ማሽከርከርም ጥገናን ይነካል። ዘንጉን እንደ ወፍጮ የሚያዞር ልጅ ቀለበቱንም ተጫዋቹን የያዘውን ፒንም ይጨርሳል። በዓለም አቀፉ ደንብም ኳስ ከመምታት በፊት ወይም በኋላ ከ360 ዲግሪ በላይ ማዞር ክልክል ነው። የጋሼ ደንብ አጠር ያለች ናት፤ ግድግዳው ላይ «ያሽከረከረ ጎሉ አይቆጠርም» ብለው ጽፈዋል። ለጠረጴዛው ዕድሜ ከእኔ ካቻቢቴ ይልቅ ይህች ጽሑፍ ሳትበልጥ አትቀርም።

ጆተኒን ማን ፈጠረው የሚለው ክርክር ይነሣል፣ በተለይ አውቶቡስ ሲዘገይ። በወረቀት ከሄድን እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሰርልስ ቶርንተን ይቀድማል፤ የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1923 አግኝቷል። እኔ የምወደው ግን የስፔኑን የአሌሃንድሮ ፊኒስቴሬን ታሪክ ነው። በእርስ በርስ ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1936 ማድሪድ ላይ በቦምብ ቆስሎ ሆስፒታል ተኛ። እዚያ እንደ እሱ የቆሰሉ፣ ከእንግዲህ ሜዳ ወጥተው ኳስ መጫወት የማይችሉ ልጆችን አየ። አንድ አናጢ ጓደኛውን ለምኖ ጠረጴዛውን አሠራ፣ በማግስቱ ዓመት አስመዘገበው። የስፔን ጆተኒ ተጫዋቾች ሁለት የተለያዩ እግሮች አሏቸው፤ የጣሊያኑ እግሩ አንድ ላይ የተጣበቀ ነው። ለመጠገን የተጣበቀው ይሻለኛል፣ አይሰበርማ።

አሁን የቀረኝ ከጋሼ ጋር የቀለም ጭቅጭቅ ነው። የተጫዋቾቹ ቀይና ሰማያዊ ለቋል። ልጆቹ ቀዩን አርሴናል፣ ሰማያዊውን ቼልሲ ይሉታል፤ የማንቸስተር ደጋፊዎች ቀዩ የእኛ ነው እያሉ በየቀኑ ይነታረካሉ። ጋሼ ሁሉም እንደ አዲስ ይቀቡ ይላሉ። እኔ እግራቸው አይነካ ባይ ነኝ፤ ኳስ የሚመታበት ቦታ ላይ ቀለም ከተቀባ ይላጥና መስታወቱ ላይ ይበተናል፣ አመታቱም ይቀየራል። ከወገብ በላይ ቀቡ፣ እግሩን ተዉት አልኳቸው።

«ካልሲ የሌለው አርሴናል የት አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።