«ቦሮው» እና «ሌንድ»ን የለየሁበት መንገድ

እንግሊዝኛን በግሌ ማጥናት ከጀመርሁ ወዲህ ለረጅም ጊዜ ያስቸገሩኝ «ቦሮው» (መዋስ፣ መበደር) እና «ሌንድ» (ማዋስ፣ ማበደር) የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቻርጀሩን እንዲያውሰኝ በጽሑፍ ስጠይቀው «ካን ዩ ቦሮው ሚ» ብዬ ነበር፤ እርሱም «ሌንድ ሚ» እንደሚባል በትሕትና አረመኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ ቃላት የገቡባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ባገኘሁ ቁጥር በደብተሬ እጽፋለሁ።

የስሕተቴ ምንጭ አማርኛዬ ይመስለኛል። እኛ «ተበደረ» እና «አበደረ»፣ «ተዋሰ» እና «አዋሰ» ስንል ሥሩ አንድ ሆኖ መነሻው ብቻ ስለሚለዋወጥ፣ ወሳጁም ሰጪውም ከአንድ ሥር በወጣ ግሥ ይነገራሉ፤ እንግሊዝኛው ግን ለወሳጁ «ቦሮው»፣ ለሰጪው «ሌንድ» የሚሉ ምንም የማይመሳሰሉ ቃላት አሉት። ስለዚህ በደብተሬ ላይ «ተ» ባለበት «ቦሮው»፣ «አ» ባለበት «ሌንድ» የሚል ደንብ ጻፍሁ። «መጽሐፍ ተዋስሁ» ለማለት «አይ ቦሮውድ ኤ ቡክ»፣ «መጽሐፍ አዋስሁት» ለማለት ደግሞ «አይ ሌንት ሂም ኤ ቡክ» እላለሁ። የ«ሌንድ» ኃላፊ ጊዜ «ሌንት» መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። ከማን እንደተዋስን ስንገልጽ «ፍሮም» ይከተላል። አሜሪካውያን በ«ሌንድ» ፈንታ «ሎን»ንም እንደ ግሥ ይጠቀሙበታል፤ እኔ ግን ለጊዜው «ሎን»ን በስምነቱ፣ «ብድር» በሚለው ትርጉሙ ብቻ ይዤዋለሁ።

ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን አማርኛው የሚለየውን እንግሊዝኛው አለመለየቱን ማስተዋሌ ነው። ጎረቤት ለጎረቤቷ «ወንፊት አውሺኝ» ትላለች፤ የሚመለሰው ያው ወንፊት ነውና። በርበሬ ሲጎድልባት ግን «በርበሬ አበድሪኝ» ትላለች፤ የወሰደችው በወጡ ውስጥ ስለሚያልቅ የምትመልሰው ሌላ በርበሬ ነው። ገንዘብም እንዲሁ የምንበደረው እንጂ የምንዋሰው አይደለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወንፊቱንም፣ በርበሬውንም፣ የባንኩንም ገንዘብ በ«ቦሮው» ይጠቀልላቸዋል፤ ወደ አማርኛ ስንመልስ የሚመለሰው ዕቃው ራሱ ነው ወይስ ምትኩ ብለን መጠየቅ ያለብን በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን «ሬንት» የሚለውን ቃል ይዣለሁ። እዚህ ላይ ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ፤ እኛ «ተከራየ» እና «አከራየ» ብለን የምንለያቸውን እንግሊዝኛው በአንድ «ሬንት» ስለሚጠራቸው፣ ቤቱ የማን እንደሆነ የማውቀው ከግሡ ቀጥሎ «ፍሮም» (ከ) ወይም «ቱ» (ለ) መምጣቱን አይቼ ነው።