ከጎሮ ማዶ፣ ከክንፍ ሥር

ጥር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከመገናኛ የጎሮ ታክሲ ተሳፈርኩ። ጎሮ ላይ ወርጄ ሌላ ቀየርኩና ቦሌ አራብሳ ደረስኩ። አጎቴ የሚኖሩት እዚያ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና ሃንጋር ጨርሰው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ «አንድ ቀን ማልደሽ ነይና አውሮፕላኖቹን ከሥራቸው ላሳይሽ» እያሉ ሲጠሩኝ ከርመዋል። በርካታ ጊዜ በአውሮፕላን ሄጃለሁ፤ የተሳፈርኩበትን ዓይነት ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር።

ከመጨረሻው ሕንፃ ጀርባ ጤፉ የተሰበሰበበት ሜዳ አለ። የጭድ ክምሩ ገና አልተነሣም፤ በጎች ቃርሚያ ይለቅማሉ። በበጋ ነፋሱ ብዙውን ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚነፍስ፣ ከቦሌ የሚነሡት አውሮፕላኖች ፊታቸውን ወደዚህ አዙረው ይወጣሉ። ወደ አፍሪካ ከተሞች የሚሄዱት የሚበዙትም በዚህ ሰዓት ነው።

መጀመሪያ የመጣው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነበር። ክንፉ ከጀርባው ላይ የተጫነ ነው፤ ሁለቱ ፕሮፔለሮች እያንዳንዳቸው ስድስት ምላጭ አላቸው። አጎቴ ይህን አውሮፕላን ይወዱታል። ሰባ ገደማ መንገደኛ ይዞ ጅማና ጎንደርን የመሰሉ ቅርብ ከተሞችን የሚያገናኘው እሱ ነው። «አጭር መንገድ ላይ ነዳጅ አይፈጅም፤ ትልቁን እዚያ ብትልኪው ወጪው አይመለስም» አሉኝ።

ቀጥሎ ቦይንግ 737 መጣ። «ሆዱን ልብ ብለሽ እዪ!» ብለው ጮኹ። ጎማውን አጥፎ ጨርሷል፤ ሆኖም ከሆዱ ሥር ሁለት ጥቁር ክቦች ግራና ቀኝ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የ737 የኋላ ጎማዎች ሙሉ በሙሉ የሚዘጋባቸው በር የላቸውም፤ ታጥፈው ከገቡ በኋላም ጎናቸው ለነፋስ ክፍት ነው። ስንት ጊዜ በዚህ አውሮፕላን ሄጄ ይህን አለማወቄ ቆጨኝ።

ሦስተኛው ያንኑ ይመስላል፤ የክንፉ ጫፍ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ተሰንጥቋል፤ የሞተሩም የኋላ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። አዲሱ የ737 ዝርያ፣ ማክስ ነው። አጎቴ ምንም አላሉም። የእጅ ሰዓታቸውን አዩና ዓይናቸውን አውሮፕላኑ ላይ ተክለው ቆሙ። መጋቢት 1 ቀን 2011፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣው ማክስ 8 ስድስት ደቂቃ ያህል ብቻ በርሮ፣ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ቱሉ ፈራ ላይ ተከሰከሰ። የተሳፈሩት 157 ሰዎች በሙሉ አለቁ። አውሮፕላኑ አየሩን የሚገጥምበትን ማዕዘን የሚለካው መሣሪያ የተሳሳተ መረጃ ሲሰጥ፣ ኤምካስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ገፋው፤ አብራሪዎቹ እየታገሉት ወረደ። ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታገደ፤ ሥርዓቱ ተሻሽሎ እኛ አገር ዳግም መንገደኛ የጫነው ጥር 2014 ነው። አጎቴ አውሮፕላኑ ከዓይን ከተሰወረ በኋላም ሰዓታቸውን እያዩ ቆዩ። ስድስቱ ደቂቃ ሲሞላ «አለፈ» አሉና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ማክስ ባዩ ቁጥር እንዲህ እንደሚያደርጉ በኋላ ባለቤታቸው ነገሩኝ።

በጎቹን የሚጠብቀው ልጅ ዐሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ጠጋ ብሎ ሲያዳምጠን ቆየና ወደ ምዕራብ ጠቆመን። «ባለ መነጽሩ መጣ!» አለ። ኤርባስ 350 ነው፤ የአብራሪዎቹ መስኮት ዙሪያው በጥቁር ቀለም ስለተከበበ ከፊት ሲመጣ እውነትም ጥቁር መነጽር ያደረገ ይመስላል። ከዚህ የተሻለ ስም የሚያወጣለት አይገኝም። ድሪምላይነር የሚባለው 787 ደግሞ ሲያልፍ ክንፉ እንደ ቀስት ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ነበር። ከጃፓን ውጭ 787ን ቀድመው ከተረከቡት ውስጥ ነን፤ 2004 ነሐሴ ነው። 350ን ደግሞ በ2008 ከአፍሪካ ቀድመን አመጣን።

ትልልቆቹ ከትንንሾቹ ይልቅ ዝቅ ብለው ማለፋቸው ገርሞኝ ምክንያቱን ጠየቅሁ። «ክብደታቸው ነው፤ በዚያ ላይ ከፍታው» አሉ። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚደገፍበት ያጣል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። ስለዚህ ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል፤ ነዳጅም እንደ ልብ አይሞላም። ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው ለዓመታት መንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ቆላ ላይ ስለሚነሣ አንድም ጊዜ ሳያርፍ አዲስ አበባ የሚገባው በዚህ የተነሣ ነው። ቦሌ ራሱ የተሠራው የድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ነበር፤ መጋቢት 30 ቀን 1938 የአየር መንገዱን የመጀመሪያ በረራ ወደ ካይሮ ላደረገው ባለ ፕሮፔለር ሲ 47 ልደታ አያንሰውም ነበር፤ በ1955 አገልግሎት የጀመረው ጄቱ ቦይንግ 720 ግን ሌላ ሜዳ ጠየቀ። ወደፊት ደግሞ ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ነው። አውሮፕላን የሚመረጠው ለመንገደኛ ቁጥር ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ደጋው ራሱ ከመራጮቹ አንዱ ነው።

ቡና ጠጥተን ስንለያይ መሽቶ ነበር። ጎሮ ታክሲ ተራ ላይ ቆሜ ሳለሁ ከበድ ያለ፣ ደረትን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ መጣ። ቀና ሳልል «777» አልኩ። ቀና ስል 777 ነው፤ ከጎኑ ግን የመስኮት ረድፍ የለም። የጭነት ነው። አጠገቤ ልጇን ያዘለች ሴት «ምንድን ነው የሚጭነው?» አለችኝ። ከዚህ የሚወጣው ጭነት ብዙውን ጊዜ አበባ እንደሆነ ነገርኳት። ቀና ብላ እስኪሰወር አየችው።