ድርቆሹ ሲሰበሰብ፦ መኸር በአልጎይ የወተት ላሞች እርባታ

በደቡብ ጀርመን፣ የባየርን ግዛት ከኦስትሪያ ጋር በሚዋሰንበት የአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ አልጎይ የሚባል የወተት አገር አለ። ዝናቡ ብዙ፣ ብርዱ ረጅም፣ መሬቱም ተዳፋት ስለሆነ እህል እንደ ልብ አይበቅልበትም፤ ገበሬው ኑሮውን የመሠረተው በሣር ላይ ነው። እንደ እኔ የጤፍና የስንዴ አዝመራ ሲሰበሰብ እያየ ያደገ ሰው መኸር ሲባል ነዶና አውድማ ይታየዋል። አልጎይ ውስጥ ግን የሚታጨደውም የሚከመረውም ሣር ነው፤ ሣሩ ድርቆሽ፣ ድርቆሹ ወተት፣ ወተቱም ቺዝ እየሆነ የበረዶውን ወራት ያሻግራል። ከሙኒክ በባቡርና በአውቶቡስ እየሄድሁ ከምጎበኘው አንድ ኦርጋኒክ የወተት ላሞች እርባታ ያየሁትን መነሻ አድርጌ፣ በዚያ አገር መኸር እንዴት እንደሚከበርና በማዕዱ ላይ ምን እንደሚቀርብ እጽፋለሁ።

አገሩ ከጥንት ጀምሮ የወተት አገር አልነበረም። እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ ገበሬው በሰፊው የሚዘራው ተልባ ነበር፤ የሚፈልገውም ከፍሬው ይልቅ ግንዱን ነው፤ ከግንዱ ቃጫ አውጥቶ፣ ፈትሎና ሸምኖ የተልባ እግር ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ማሳው በአበባው ምክንያት ሰማያዊ ስለነበር የዚያን ዘመን አልጎይ እስከ ዛሬ «ሰማያዊው አልጎይ» ይሉታል። ርካሽ የፋብሪካ ጥጥ ጨርቅ ገበያውን ሲዘጋባቸው አዲስ መተዳደሪያ መፈለግ ግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1827 ዮሐን አልትሃውስ የተባለ ቺዝ ሠሪ ከስዊዘርላንድ ኤመንታል መጥቶ የአገሩን ትልልቅ ክብ ቺዝ አሠራር አስተማረ፤ ካርል ሂርንባይን የተባለው ባለ ርስትና ነጋዴ ደግሞ ከቤልጂየም ባለሙያዎች አስመጥቶ ለስላሳውን የሊምቡርግ ቺዝ አስጀመረ። ከዚያ ወዲህ የእርሻው መሬት እየተተወ ግጦሽ ሆነ። ዛሬ ቱሪስቱ ፎቶ የሚያነሳው ያ አረንጓዴ መስክ የተፈጥሮ ስጦታ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ገበያ ያስገደደው፣ ዕድሜውም ሁለት መቶ ዓመት ያልሞላ የሰው እጅ ሥራ ነው።

የመኸሩ ዋነኛ በዓል ፊሻይድ ይባላል፤ ከብቶቹ ከተራራ የሚወርዱበት ቀን ነው። በጁን ወር ጊደሮቹ ከየገበሬው በረት ተሰብስበው፣ ለእረኛ ተሰጥተው ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣሉ፤ ወደ አንድ መቶ ቀን ያህልም እዚያው ይከርማሉ። እንግዳ ሰው የሚወርዱት የሚታለቡት ላሞች ይመስሉታል፤ አብዛኞቹ ግን ገና ያልወለዱ ጊደሮች ናቸው። ጥገቶቹ በቀን ሁለት ጊዜ መታለብ ስላለባቸው ሸለቆው ውስጥ ይቀራሉ፤ ጥገት ይዘው ወጥተው ቺዙን እዚያው ተራራው ላይ የሚሠሩት ጥቂቶች ናቸው። ሴፕቴምበር ሲገባና ማለዳው ሲበርድ መንጋው ይወርዳል፤ ባድ ሂንደላንግ በምትባለው ከተማ ይህ የሚሆነው በልማድ ሴፕቴምበር 11 ቀን ነው። የእኛ እንቁጣጣሽ በሚውልበት ዕለት አንድ ሙሉ መንደር አበባ ይዞ ከብት ሊቀበል ሲወጣ ማየት፣ የአጋጣሚ ነገር መሆኑን እያወቅሁም እንኳ ደስ ያሰኘኛል።

ከመንጋው ፊት የምትሄደው ጊደር በጥድ ቅርንጫፍና በተራራ አበባ የተሠራ ትልቅ አክሊል ትደፋለች፤ በአክሊሉ መካከል መስቀል፣ ብዙ ጊዜም መስታወት ይደረጋል፤ መስታወቱ ክፉ መንፈስ የራሱን መልክ አይቶ ደንግጦ እንዲሸሽ ነው ይላሉ። አክሊሉ ግን በየዓመቱ የሚደፋ አይደለም። በጋውን አንዲት ጊደር ገደል ገብታ ወይም መብረቅ መትቷት ከሞተች ያ መንጋ ያለ አክሊል ይወርዳል፤ ተመልካቹም ምክንያቱን ያውቃል። ቀጥሎ በጥልፍ ቀበቶ የታሰሩ፣ የድስት ያህል የሚያካክሉ ቃጭሎችን ያንጠለጠሉት ይመጣሉ፤ ድምፁ ከሩቅ ሲሰማ መሬቱ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ነው ለጎብኚው የማይታየው ዋና ጉዳይ የሚፈጸመው፦ እረኛው ከብቱን እየለየ ለየባለቤቱ ያስረክባል። ባለቤቱም ጠጉሯን፣ ሰኮናዋን፣ ከሁሉ በላይ ግን ጡቷ መሙላት መጀመሩን በእጁ እየዳሰሰ ይመለከታል፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ጊደሮች ርጉዝ ሆነው ስለሚመለሱ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይወልዳሉ።

በድንኳኑ ውስጥ የነሐስ ሙዚቃ ጓድ ይጫወታል፣ ቢራ በሊትር ይቀዳል፣ ሕዝቡ ተገፋፍቶ ይቀመጣል። እውነቱን ለመናገር፣ ድንኳኑን ብዙም አልወደውም። ጩኸቱ ከቃጭሉ ይብሳል፤ በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ የዋለ እንደሆነ ደግሞ ለሚጾም ሐበሻ ከዳቦና ከድንች በቀር የሚቀመስ ነገር ማግኘት ይቸግራል፤ ድንቹም ቢሆን በቅቤ አልተነካም ብሎ መማል አይቻልም። ለእኔ በዓሉ የሚጀምረው ጊደሮቹ ከየበረታቸው ገብተው፣ ቃጭሉ ተፈትቶ፣ ቤተሰቡ በእርባታው ወጥ ቤት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሲቀመጥ ነው።

የዚያ ማዕድ አውራ ምግብ ኬስሽፓትሰን ነው። የቤቱ እናት ዱቄት፣ እንቁላል፣ ጨውና ጥቂት ውሃ በእንጨት ማንኪያ እየመቱ ወፈር ያለ ሊጥ ያዘጋጃሉ፤ ሊጡን ቀዳዳ ባለው ማጥለያ አሳልፈው የፈላ ውሃ ውስጥ ሲያንጠባጥቡት ወዲያው እየበሰለ ይንሳፈፋል። ከዚያ አንድ ድርብ ሊጥ፣ አንድ ድርብ የተፈገፈገ ቺዝ እየደራረቡ ጎድጓዳ ሳህን ይሞላሉ፤ ላዩ ላይ በቅቤ ቡናማ እስኪሆን የተጠበሰ ሽንኩርት ይነሰነሳል። ዋናው ምስጢር ቺዙ ላይ ነው። እርሳቸው የበሰለ የተራራ ቺዝና ኤመንታል ያቀላቅላሉ፤ ከዚያም ቫይስላከር ከሚባለው፣ ከጎረቤት ቬርታኽ መንደር ከመጣው ጨዋማና ሽታው ኃይለኛ ቺዝ ትንሽ ጣል ያደርጉበታል። ልጆቹ አፍንጫቸውን ይይዛሉ፤ አዋቂው ግን ያ ካልገባበት አልበላሁም ይላል። እኔም አሁን ከአዋቂዎቹ ወገን ነኝ። አብሮ የሚቀርበው አረንጓዴ ሰላጣ ነው፤ ከእርሱ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

ስለ ቺዙ ከተነሣ፣ በዚህ እርባታ ላሞቹ ሳይሌጅ የማይበሉበትን ምክንያት መናገር ይገባል። ሳይሌጅ አየር እንዳያገኝ ታፍኖ የኮመጠጠ እርጥብ መኖ ነው፤ ለገበሬው ሥራ ያቀላል፣ ዝናብም አያስፈራውም። ነገር ግን በውስጡ የሚራቡት የክሎስትሪዲየም ባክቴሪያ ዘሮች በፍግና በጡት በኩል ወተት ውስጥ ይገባሉ፤ ወተት ሲሞቅም አይሞቱም። ለወራት በሚበስል ጠንካራ ቺዝ ውስጥ ከቆዩ በኋላ ጋዝ እየፈጠሩ ቺዙን ያሳብጡታል፣ ይሰነጥቁታል፣ ጣዕሙንም ያበላሹታል። ስለዚህ ከጥሬ ወተት የሚሠራው የአልጎይ የተራራ ቺዝ የሚፈልገው በበጋ ሣር፣ በበረዶው ወራት ደግሞ ድርቆሽ የበላች ላም ወተት ነው። ለአንድ ኪሎ ቺዝ አሥር ሊትር ያህል ወተት ይሄዳል፤ ቺዙም የአልጎይ የተራራ ቺዝ ተብሎ ለመሸጥ ቢያንስ አራት ወር መብሰል አለበት።

እንግዲህ የዚህ አገር መኸር ልቡ ድርቆሹ ነው። አንዲት የወተት ላም በቀን ከ15 እስከ 18 ኪሎ ድርቆሽ ትበላለች። ከኖቬምበር መጀመሪያ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ በረት ውስጥ የምትቆየው 180 ቀን ያህል ነው ቢባል፣ ለአንዲቱ ላም ብቻ ወደ ሦስት ቶን ድርቆሽ ተከምሮ መጠበቅ አለበት። ሣሩ በዓመት ብዙ ጊዜ ይታጨዳል፤ የመጀመሪያው አጨዳ ግንዱ የበዛ፣ ኋለኛው ደግሞ ቅጠሉና ማጌቱ የበዛ ለስላሳ ድርቆሽ ይሰጣል። አልጎይ ዝናባማ በመሆኑ በፀሐይ ብቻ አድርቆ መጨረስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ብዙ እርባታዎች ከጣሪያቸው ሥር የሞቀ አየር በማራገቢያ እየሳቡ ከድርቆሹ በታች ይነፉበታል። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽ ከውስጥ እየጋለ ሄዶ ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ስለሚችል፣ ገበሬው ከአጨዳ በኋላ ባሉት ሳምንታት ረጅም የብረት ቴርሞሜትር ክምሩ ውስጥ እየሰካ ሙቀቱን ይለካል። እንግዳ ተቀምጦ ሲበላ ከጠረጴዛው ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ካለ፣ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

ኦርጋኒክ የሚለው ስም ክብደቱ የሚታየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአውሮፓ ኅብረት የኦርጋኒክ ሕግ መሠረት የሚለማው መስክ የፋብሪካ ናይትሮጅን ማዳበሪያና ኬሚካል ፀረ-አረም አይነካውም፤ ሣሩን የሚያሳድገው የከብቶቹ ፍግና ናይትሮጅንን ከአየር የሚስበው ማጌት ነው። ጥጆች ቢያንስ 90 ቀን ተፈጥሯዊ ወተት ይጠጣሉ። ላም ታማ አንቲባዮቲክ ብትወስድ ወተቷ ከገበያ ተለይቶ የሚቆይበት ጊዜ በመደበኛው ከታዘዘው እጥፍ ነው። ከዚህ የተነሣ ላሚቱ የምትሰጠው ወተት ያንሳል፤ የጀርመን ላም በአማካይ በዓመት ከ8 ሺህ ኪሎ በላይ ስትሰጥ፣ በሣርና በድርቆሽ ብቻ የምትኖር የአልጎይ ቡናማ ላም ያንን ያህል ትስጥ ብሎ መጠበቅ አይቻልም። መኖ ከውጭ እየገዛ ቁጥር የሚያበዛ ገበሬ የመስኩን አቅም ሊረሳ ይችላል፤ የኦርጋኒኩ ገበሬ ግን በኦክቶበር የድርቆሹን ክምር ለክቶ ለስንት አፍ እንደሚበቃ ማስላት አለበት።

ስሌቱ ካልሞላ ደግሞ ከብት ይቀነሳል። ያረጀች፣ ወተቷ የነጠፈ ወይም አልጸንስ ያለች ላም የበረዶውን ወራት እንድትሻገር አይደረግም፤ የመኸሩ ሥጋም የሚመጣው ከዚያ ነው። ጎረቤቱና ደንበኛው አስቀድሞ ስሙን ያስመዘግባል፤ ሥጋው ከየብልቱ ተደባልቆ አምስት ወይም አሥር ኪሎ እየሆነ በሣጥን ይከፋፈላል። የቅርጫ ልማድ ላለን ሰዎች አዲስ ነገር የለውም፤ እኔም ድርሻዬን ስወስድ ከጀርመኖቹ ይልቅ አጥንቱን የምፈልገው እኔ ስለሆንሁ ሁሌም ይመረቅልኛል። ከዚያ ሥጋ በፓፕሪካና በሽንኩርት ለረጅም ሰዓት የሚበስለው ጉላሽ የኦክቶበር እሑዶች ምሳ ነው። ይህን የማዕዱን ክፍል ብዙ ማስታወቂያ አያሳየውም፤ ለጎብኚ ልጆች ጥጃ እያስዳበሱ ስለ ላሚቱ መጨረሻ ዝም የሚሉ እርባታዎችም አሉ። እኔ የምሄድበት ቤት ግን ሥጋውን ማዕድ ላይ የሚያቀርቡት የላሚቱን ስም ጠርተው ነው፤ ይህንን አከብርላቸዋለሁ።

በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ የምስጋና በዓል ነው። በቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ፊት ዱባ፣ ፖም፣ ድንች፣ ሙልሙል ዳቦና ከእህል ዛላ የተጎነጎነ አክሊል ይደረደራል፤ በወተት አገር ደግሞ ቺዝና ቅቤም አብሮ ይቀመጣል። በወሩ ሦስተኛ እሑድ የቤተ ክርስቲያን ምረቃ መታሰቢያ ሲውል፣ በእርሾ የተነሣ ሊጥ መሐሉ ሳስቶ፣ ዳሩ ወፍሮ፣ ቅመም በሌለው ንጥር ቅቤ ይጠበስና ስኳር ይነሰነስበታል። ትኩሱን ካልበሉት ግማሽ ጣዕሙ ይቀራል።

ከሁሉ ይበልጥ የምወደው ግን በየትኛውም ሱቅ የማይገኘው ነው። ከተራራ የተመለሱት ጊደሮች መውለድ ሲጀምሩ እንገር ይኖራል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ወተት ለወተት ፋብሪካ አይላክም፤ ቅድሚያውም የጥጃዋ ነው። ጥጃዋ ጠግባ የተረፈውን ግን የቤቱ እናት ከጥቂት ስኳርና ቀረፋ ጋር በምድጃ ያስቀምጡታል፤ እንቁላል ሳይገባበት ራሱ ይረጋል። እናቴ በድስት አፍልታ ስታረጋው ጨው ነበር የምትጨምርበት። ይህን ብነግራቸው በሚቀጥለው ጊዜ ግማሹን በጨው ሠርተው አቀረቡልኝ፤ ባለቤታቸው ቀምሰው ስኳሩን መረጡ፣ እኔም ጨዉን።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ፣ የፊሻይዱ ቀን ከመንደር መንደር ስለሚለያይ አስቀድማችሁ ከየከተማው የጎብኚዎች ቢሮ አረጋግጡ። መንገዱ ለከብቶቹ ሲባል ስለሚዘጋ በማለዳ ድረሱ፤ በባቡር እስከ ዞንትሆፈን፣ ከዚያም በአውቶቡስ መሄድ ከመኪና ይሻላል። ውሻ አትውሰዱ። ቺዝ ስትገዙ ሻጩ የዘንድሮውን ቢያቀርብላችሁ በበጋው መጀመሪያ የተሠራውም እንኳ ገና አራት ወር ስላልሞላው ጣዕሙ ልጅ ነው፤ ያለፈውን ዓመት ጠይቁ፣ ካለም በቀጭኑ አስቆርጣችሁ ቀምሳችሁ ግዙ። ዘንድሮ የተሠራውን የምትፈልጉ ከሆነ ደግሞ ከፋሲካ በኋላ ተመልሳችሁ ብትመጡ ይሻላል፤ ያን ጊዜ ጾሙም አልቋል።